የደስታ በሽታና የናይሮቢ የዱር መንጋ

ምንባብ

ከንባቡ በፊት
ሀ. «ወረርሽኝ» ማለት ምን ማለት ነው? በአካባቢያችሁ በከብት ላይ ደርሶ የነበረ ወረርሽኝ ካለ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ ተናገሩ።
ለ. የዱር እንስሳት በበሽታ ካለቁ በኋላ የተረፉትን ማደን ተገቢ ይመስላችኋልን? ሐሳባችሁን በደብተራችሁ ጻፉና ንባቡን ከጨረሳችሁ በኋላ ተመልከቱት።

(በዚህ ምንባብ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ከተጻፉት በስተቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቤት እንስሳ ሲታመም ባለቤቱ ያየዋል፤ ከመንጋው ይለየዋል፤ ሐኪምም ይጠራለታል። የዱር እንስሳ ግን እረኛ የለውም። ሲታመም ከቁጥቋጦ ሥር ይተኛል፤ ሲሞትም ጅብና ጥንብ አንሣ ቀድመው ይደርሱበታል። ስለዚህ በዱር መንጋ ላይ የገባ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም የተረፈው መንጋ እንዴት ይተዳደር? አደን ይፈቀድ ወይስ ይከልከል? የታመመው ይገደል ወይስ ይጠበቅ? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢና በአካባቢዋ የደረሰውን ነገር መመልከት ይጠቅማል።

የበሽታው አመጣጥ

በአገራችን «ደስታ» እየተባለ የሚጠራ የከብት በሽታ ነበር። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ሥራው ሁሉ ሐዘን ነበር። በዚህ በሽታ የተያዘ በሬ ሰውነቱ በትኩሳት ይግላል፤ ከዓይኑና ከአፍንጫው ፈሳሽ ይወርዳል፤ አፉ ይቈስላል፤ በመጨረሻም በብርቱ ተቅማጥ ተዳክሞ ጥቂት ቀን ሳይቈይ ይሞታል። የበሽታው መንሥኤ ሰውን ከሚይዘው የኩፍኝ ቫይረስ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ቫይረስ ነው።

ደስታ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው በ1887 ሲሆን፣ የመጣውም ለኢጣልያ ጦር ስንቅ ተብለው ከሕንድ በምፅዋ ወደብ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። በኢትዮጵያ ከከብቱ አብዛኛው አለቀ። ገበሬው የሚያርስበት በሬ ስላጣ፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ «ክፉ ቀን» እየተባለ የሚታወሰው ታላቅ ረኀብ ተከተለ። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ ይተረካል። በሽታው ከዚያ ወደ ደቡብ ተጓዘ፤ የማሳይን ከብቶች ፈጀ፤ በ1896ም ደቡባዊ አፍሪካን አዳረሰ። የማሳይ ሕዝብ ያንን የመከራ ዘመን በቋንቋው «ኤሙታይ» ይለዋል፤ ፍጻሜ፣ እልቂት እንደ ማለት ነው።

እልቂቱ በከብት ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ሸሆናቸው የተከፈለ የዱር እንስሳት፣ በተለይም ጎሽ፣ አጋዘን፣ ቀጭኔና ከርከሮ በየሜዳው ወደቁ። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና በሰንቀሌ የሚጠበቀው ቆርኬ በቀድሞ ዘመን በሰፊው ሜዳ ላይ በብዙ ሺህ ይታይ ነበር፤ ቍጥሩ እንዲመነምን ካደረጉት ነገሮች አንዱም ይኸው በሽታ ነው።

ሙጉጋና ክትባቱ

ከናይሮቢ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ሙጉጋ የሚባል ቦታ አለ። በዚያ በነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የእንስሳት ሕክምና ምርምር ድርጅት ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕላውራይት ከባልደረቦቹ ጋር ቫይረሱን በጥጃ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ ደጋግሞ በማሳደግ ኃይሉን አደከመው። ይህን ወደ ዘጠና ጊዜ ያህል ካደረገ በኋላ ቫይረሱ ከብትን የማያሳምም፣ ነገር ግን ሰውነቱ በሽታውን እንዲከላከል የሚያስተምር ሆነ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይፋ የሆነው ይህ ክትባት በጥቂት ወጪ ሊመረት ስለሚችል በመላው አፍሪካ ተሠራበት። ፕላውራይትም በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ።

ክትባቱ በከብት ላይ ያሳየው ውጤት በዱር እንስሳት ዘንድ ያልተጠበቀ ለውጥ አመጣ። በታንዛንያ በሴሬንጌቲ ሜዳ ዙሪያ የሚኖሩ የማሳይ ከብቶች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲከተቡ፣ አንድም የዱር እንስሳ ሳይከተብ በሽታው ከዱር መንጋው ጠፋ። ዊልደቢስት የሚባለው፣ ጢማምና ጎንበስ ያለው የሜዳ እንስሳ በ1960ዎቹ መጀመሪያ 250 ሺህ ገደማ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆነ። በእርግጥ በዚያን ጊዜ በበጋ የጣለው ዝናብም ረድቶታል፤ ይሁን እንጂ በየዓመቱ ጥጆቹን ይጨርስ የነበረው በሽታ መወገዱ ዋናው ምክንያት ነበር። ዊልደቢስቱ ሲበዛ ረጅሙን ሣር ጋጠው፤ ሣሩ ሲያጥር ሰደድ እሳት ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስ ችግኞች አደጉ። አንድ በሽታ መወገዱ የአንድን አገር ገጽታ እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ እንረዳለን።

በናይሮቢ ፓርክ የደረሰው

የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በ1946 የተከፈተ፣ በኬንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከከተማው ሕንጻዎች ፊት ለፊት ጎሽና ቀጭኔ ሲግጡ የሚታዩበት ቦታ ነው። ከተማውን በሚያዋስነው በኩል ታጥሯል፤ በስተደቡብ ግን ወደ ኪቴንጌላና ወደ አቲ ሜዳ ክፍት ነው። የዱር እንስሳት በዚያ በኩል ወጥተው ከማሳይ ከብቶች ጋር በአንድ ሜዳ ይግጣሉ፤ ከአንድ ወንዝም ይጠጣሉ።

በ1994 እና በ1995 በፃቮ ብሔራዊ ፓርክ ጎሾችና አምባራይሌዎች ይሞቱ ጀመር። አምባራይሌ በጀርባውና በጎኑ ነጭ ሰንበር ያለበት፣ ከአጋዘን ወገን የሆነ እንስሳ ነው። ብዙዎቹ ዓይናቸው ስለ ታወረ ከቁጥቋጦና ከዛፍ ጋር እየተጋጩ ተገኙ። ምርመራው ለብዙ ዓመታት ከአካባቢው ጠፍቶ የነበረው ደስታ እንደ ተመለሰ አሳየ። በ1996 በሽታው ወደ ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ደረሰ። የሚያስገርመው ነገር ይህ የቫይረስ ዓይነት ከብትን በቀላሉ ብቻ የሚያሳምም መሆኑ ነው። ስለዚህ እረኛው ከብቱ ትንሽ አልቅሶ ሲድን አይቶ አልደነገጠም፤ በዱር ግን ጎሹና ኤላንድ የሚባለው ግዙፍ የሜዳ እንስሳ ይሞቱ ነበር። በዚህ ጊዜ የዱር እንስሳቱ ለሰው ምስክር ሆኑ ማለት ነው፤ በከብቱ ውስጥ ተሸሽጎ የነበረውን በሽታ ገለጹት።

ከዚህ በኋላ ምን ይደረግ? የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ለብዙ ዘመን በአፍሪካ የበሽታው ጎተራ የዱር እንስሳ እንደሆነ ይታሰብ ስለ ነበር፣ ከብትን ለማዳን የዱር እንስሳን መፍጀት እንደ መፍትሔ የተቈጠረበት ጊዜ ነበር። የሴሬንጌቲ ተሞክሮ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አስረድቷል። የደስታ ቫይረስ ከእንስሳ ሰውነት ውጭ ብዙ አይቈይም። ከበሽታው የተረፈ እንስሳ ዕድሜውን ሙሉ ዳግመኛ አይታመምም፤ በሽታውንም ለሌላ አያስተላልፍም። ስለዚህ ቫይረሱ ወደ ትንሽ የዱር መንጋ ሲገባ ከፊሉ ይሞታል፣ ከፊሉ ይድናል፤ ከዚያ በኋላ ቫይረሱ የሚይዘው አዲስ እንስሳ ስለሚያጣ በራሱ ይጠፋል። ተመልሶ የሚመጣው በብዙ ሺህ ከሚቈጠረውና ከቦታ ቦታ ከሚዘዋወረው ከብት ነው። እንግዲህ በሩ የሚዘጋው በከብቱ በኩል እንጂ በዱሩ በኩል አይደለም።

የተደረገውም ይኸው ነው። በናይሮቢ ዙሪያ ያሉ ከብቶች ተከተቡ፤ የዱር መንጋው ግን በጥይት አልተፈጀም። የእንስሳት ሐኪሞች የማደንዘዣ መርፌ እየተኮሱ ከጎሾች ደም ይቀዱ ጀመር። በደሙ ውስጥ በሽታውን የመከላከል ምልክት ያለበት ጎሽ ቀድሞ የታመመ ነው። የጎሹን ዕድሜ ከጥርሱ መገመት ስለሚቻል፣ ከአንድ ዓመት ወዲህ የተወለዱት ሁሉ ምልክቱ ከሌለባቸው በሽታው በዚያ ዓመት እንደ ቆመ ይታወቃል። በዚህ ዓይነት ጎሽ ለመላው አገር እንደ ዘበኛ አገለገለ።

አደንና ቍጥር

ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ስለ አደን መወሰን ከሁሉ የሚከብድ ነገር ነው። ጉዳዩን በምሳሌ እንመልከት። 1000 አጋዘኖች ያሉበት አንድ መንጋ አለ እንበል። በየዓመቱ 200 ግልገሎች ይወለዳሉ፤ 120 እንስሳት ደግሞ በእርጅና፣ በአውሬና በድርቅ ይሞታሉ። ስለዚህ 80 ይተርፋሉ። ለአዳኞች 60 ቢፈቀድላቸው መንጋው በ20 ይጨምራል እንጂ አይጎድልም።

አሁን በሽታ ገብቶ መንጋው ወደ 400 ዝቅ አለ እንበል። የመውለዱና የመሞቱ መጠን ሳይለወጥ ቢቀጥል 80 ይወለዳሉ፣ 48 ይሞታሉ፤ የሚተርፉትም 32 ብቻ ናቸው። የአደኑ ፈቃድ እንደ ቀድሞው 60 ከሆነ መንጋው በመጀመሪያው ዓመት 28 እንስሳት ይጎድሉበታል። መንጋው ባነሰ ቍጥር የሚወለደውም ስለሚያንስ ጉድለቱ በየዓመቱ ይብሳል። አደኑ ፈጽሞ ቢቋረጥ ግን መንጋው ወደ 800 ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት፣ ወደ ቀድሞው 1000 ለመመለስ ደግሞ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በሽታ በጥቂት ወራት የወሰደውን ተፈጥሮ የምትመልሰው ባንድ ልጅ የዕድሜ ዘመን ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሦስት ትምህርቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መንጋው መቈጠር አለበት፤ ያለፈው ዓመት ቍጥር ለዘንድሮ አይሠራም። ሁለተኛ፣ መንጋውን የሚያበዙት እናቶች ስለሆኑ ሴቶቹና ግልገሎቹ መጠበቅ አለባቸው። ሦስተኛ፣ በሽታው ቆሞ እንደሆነ ሳይታወቅ ማደን በሁለት በኩል እንደ መጎዳት ይቈጠራል፤ የተረፈው እንስሳ በሽታውን የሚቋቋም ሊሆን ስለሚችል እርሱን መግደል የነገውን መንጋ ዘር መንቀል ነው።

አገሮች በዚህ ጉዳይ የተለያየ መንገድ መርጠዋል። ኬንያ በ1977 የስፖርት አደንን በሕግ ከለከለች፤ ስለዚህ በ1996 ወረርሽኙ ሲደርስ የአደን ጥያቄ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ይሁን እንጂ ክልከላው ብቻውን የዱር እንስሳትን አላበዛም። ከ1977 እስከ 2016 በኬንያ የግጦሽ ምድር የነበሩ የዱር እንስሳት ቍጥር በአማካይ በ68 በመቶ እንደ ቀነሰ ጥናት አሳይቷል፤ አጥር፣ እርሻ፣ የከብት መብዛትና ሕገ ወጥ አደን መንጋውን አጥብበውታል። ኢትዮጵያ በበኩሏ በባሌና በአርሲ ተራሮች በተከለሉ የአደን ቦታዎች፣ በአገራችን ብቻ ከሚገኘው ከደጋ አጋዘን ጥቂት አውራዎች በፈቃድና በክፍያ እንዲታደኑ ፈቅዳለች። የመጀመሪያውን መንገድ የሚደግፉ «የሞተ እንስሳ አይወልድም» ይላሉ፤ ሁለተኛውን የሚደግፉ ደግሞ «ገበሬው ከእንስሳው ካልተጠቀመ ለምን ይጠብቀዋል?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ቢኖር መንጋውን የማይቈጥር አገር አደንን ቢፈቅድም ቢከለክልም የሚሠራውን እንደማያውቅ ነው።

በሽታ ሁሉ አንድ አይደለም

የናይሮቢው መፍትሔ ለማንኛውም በሽታ የሚሆን መድኃኒት አይደለም። በ2016 በኖርዌይ ኖርድፊዬላ በሚባል ተራራማ አገር በሬይንዲር፣ ማለትም በብርዳማ አገር አጋዘን ላይ እያደር አክስቶ የሚገድል የአንጎል በሽታ ተገኘ። ይህ በሽታ ክትባት የለውም፤ የሚድን እንስሳም የለም፤ ተላላፊው ነገር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቈያል። ስለዚህ የኖርዌይ መንግሥት በ2017 እና በ2018 ከ2000 የሚበልጡትን የዚያን መንጋ እንስሳት በሙሉ አስወግዶ ቦታው ለዓመታት ባዶ እንዲቀመጥ አደረገ። በናይሮቢ መግደል ስሕተት ይሆን ነበር፤ በኖርዌይ ግን አለመግደል እንደ አደጋ ተቈጠረ። ልዩነቱን ያመጣው የበሽታው ጠባይ ነው። እንግዲህ ጠመንጃ ከመነሣቱ በፊት በሽታው ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚተላለፍ፣ የዳነው እንስሳ ምን እንደሚሆን መታወቅ አለበት።

ፍጻሜው

የአፍሪካን የደስታ ዘመቻ ከ1986 ጀምሮ ያስተባበረው ዋና መሥሪያ ቤቱ በናይሮቢ የሚገኘው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የእንስሳት ሀብት ቢሮ ነበር። የክትባቱን ጥራት ከመረመሩት ማእከሎች አንዱ ደግሞ በአገራችን በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ ይገኝ ነበር። ሙቀትን የሚችል ክትባት ከተሠራ በኋላ፣ በአፋር ቆላ ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው በእግራቸው እየተጓዙ ከብቱን ከተቡ። ከ1995 በኋላ በኢትዮጵያ የደስታ ወረርሽኝ አልታየም። በዓለም ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2001 በኬንያ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በአንድ የጎሽ መንጋ ውስጥ ነበር። በ2011 በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይኸው ነው።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን የዱር መንጋን የሚጠብቁ ሰዎች ወረርሽኝ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን በደኅናው ጊዜም መቍጠር፣ መመርመርና መመዝገብ ይገባቸዋል። ከብቱንና የዱር እንስሳውን የሚያገናኛቸው አንድ ሜዳና አንድ ወንዝ ነው። የአንዱ ጤና የሌላው ጤና ስለሆነ፣ አርብቶ አደሩ፣ ሐኪሙና የዱር ጠባቂው ተባብረው ካልሠሩ አንዱም ብቻውን መንጋውን ሊያድን አይችልም።

የቃላት ፍቺ
ሸሆና፦ የከብት፣ የበግ፣ የአጋዘንና የመሳሰሉት እንስሳት የተሰነጠቀ ኮቴ
ጎተራ፦ የእህል ማከማቻ፤ በምንባቡ ውስጥ ግን የበሽታ መደበቂያ
ሰንበር፦ በቆዳ ላይ እንደ መስመር የሚታይ ምልክት
አውራ፦ ትልቅ ወንድ እንስሳ
መነመነ፦ ጥቂት በጥቂት እያነሰ ሄደ

መልመጃ 1፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. የደስታ በሽታ በኢትዮጵያ ከብትን ብቻ ሳይሆን ሰውንም የጎዳው በምን ምክንያት ነው?
2. በሴሬንጌቲ የዱር እንስሳት ሳይከተቡ በሽታው ከእነርሱ የጠፋው እንዴት ነው?
3. በ1996 በናይሮቢ አካባቢ እረኞች በሽታውን ቶሎ ያላወቁት ለምንድን ነው?
4. «ጎሽ ለመላው አገር እንደ ዘበኛ አገለገለ» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?
5. የናይሮቢው መፍትሔ በኖርዌይ የማይሠራባቸውን ሦስት ምክንያቶች ዘርዝሩ።

መልመጃ 2፦ በምንባቡ ውስጥ በተሰጠው ምሳሌ መሠረት መንጋው 600 ሲደርስ በአንድ ዓመት የሚተርፉት እንስሳት ስንት ናቸው? በዚያን ጊዜ 60 ቢታደኑ መንጋው ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ምክንያቱን በጽሑፍ አስረዱ።

መልመጃ 3፦ «ሳይቃጠል በቅጠል» እና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉትን ምሳሌያዊ አነጋገሮች ፍቺ ጻፉ። ከምንባቡ ለእያንዳንዳቸው የሚስማማ አንድ ምሳሌ አውጡ።

መልመጃ 4፦ ክፍላችሁን በሁለት ወገን ከፍላችሁ «ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ አደን ለዐሥር ዓመት መከልከል አለበት» በሚል ርእስ ተከራከሩ። ከክርክሩ በኋላ እያንዳንዳችሁ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ሐሳብ በአንድ አንቀጽ ጻፉ።